ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

በመሥሪያ ቤቱ ታይፒስቷን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «እመት አራት ነጥብ» ነበር የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ስትጽፍ ከእጇ የወጣ ደብዳቤ ለእርማት ተመልሶ አያውቅም። «የሷ ጽሑፍ ከሆነ ሳላነብ እፈርማለሁ» ይላል ሥራ አስኪያጁ፤ እሷም ይህን ነገር ለዘመድ አዝማዱ፣ በተለይ ለእህቷ ባል፣ ስንት ጊዜ አውርታዋለች መሰላችሁ። ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። «ማን አደረገው? ባለቤቱ የታለ?» እያለች ስንቱን ምሁር ነኝ ባይ አፍ አስይዛለች።

ታናሽ እህቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። በተዳረች በሰባተኛ ዓመቷ ስንት ተለምኖ አረገዘች፤ በአራተኛው ወር አስወረዳት። አልጋ ላይ እንዳለች የሕመም ፈቃድ ማመልከቻ እንድትጽፍላት እትዬዋን ለመነች፣ በብጣሽ ወረቀትም «ጽንስ አስወርዶኝ ስለተኛሁ» ብላ ጫር ጫር አድርጋ ሰጠቻት።

እመት አራት ነጥብ ምን ሰይጣን እንዳሳሳታት እንጃ። «አስወርዶኝ? ማን ነው ያስወረዳት? ይሄማ የጓዳ ወሬ ነው» አለችና አረመችው፤ «ጽንስ አስወርጄ ስለተኛሁ።» «ዶኝ»ን አውጥታ «ጄ»ን አስገባች፣ በቃ። በልጅቷ ላይ የደረሰው መከራ ልጅቷ ያደረገችው ሥራ ሆነ።

ማመልከቻውን ወደ ፋብሪካው ያደረሰው ባልየው ነው። በር ላይ ቆሞ አነበበው። በማግስቱ ልብሱን ሸክፎ እናቱ ቤት ገባ።

ታይፒስቷ ስትሰማ እየሮጠች እናቱ ቤት ሄደች። «የኔ ጥፋት ነው። እሷ እንደዚያ አላለችም፣ እኔ ነኝ ያረምኩት» አለችው።

ቀና ብሎም አላያት። «እትዬ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ አላውቅም ሲሉኝ ኖረው፣ ዛሬ ለእህትዎ ሲሉ ተሳሳትኩ ይሉኛል?»

«ሐኪሟን ጠይቀው።»

«ሐኪም ምን ያውቃል? የነገሩትን ነው የሚጽፈው።»

ብትለምነው፣ ብትምልለት፣ ወይ ፍንክች። እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀሰች። የኮራችበት ነገር ሁሉ ዛሬ እሷኑ ውሸታም አድርጓት አረፈው።

እህቷ ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። ብትሰድባት፣ ፊት ብትነሳት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ታይፒስቷ ሰው እንዳለው ትጽፋለች፣ ባለቤት ኖረውም አልኖረው። ምን ዋጋ አለው፣ ከረፈደ።

በዓመቱ እህቲቱ ሌላ ሥራ ልታመለክት ቅጽ ይዛ ቢሮዋ መጣች። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ እያሉ ወረዱ። «የባለቤት ስም» የሚለው ላይ ሲደርሱ የታይፒስቷ ጣቶች ቆሙ።

«ዝለይው፣ እትዬ» አለች እህቷ፣ መስኮት መስኮቱን እያየች። ቀጥላም «ባዶውን ከሄደ ይመለሳል እንዴ?» ስትል ጠየቀቻት።

«አይመለስም» አለች ታይፒስቷ፣ ወደሚቀጥለውም መስመር ወረደች።