ድንጋዩ ላይ ሁለት እግር

በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩበት ዕለት ዝናባማ እንደነበር እርግጠኛ ነበርኩ፤ ባልደረቦቼ ግን በጋ ነበር ይላሉ። የማልጠራጠረው የቡድን መሪያችን ሜትርና ጂፒኤስ ሲያስረክቡኝ የሰጡኝን ትእዛዝ ብቻ ነው።

«የወሰን ድንጋይ ፎቶ ስታነሳ ሁለቱም አዋሳኞች አንድ አንድ እግራቸውን ያሳርፉበት። አንዱ እግሩን ከነፈገህ ስልክህን ኪስህ ክተት።»

ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ሰው ይህ የገጠር ወግ መሰለኝ። ታዘዝኩ ግን። ስልኬ በኮንጎ ጫማና በቦቲ ተሞላ።

ፎቶዎቹ ከአሥር ሺህ ሲያልፉ ስልኩ ተጨማሪ አልቀበልም አለ። አንድ ቅዳሜ ዳንግላ ቤቴ ተቀምጬ በቀበሌ፣ በጎጥና በባለይዞታ ስም ፎልደር ከፈትኩ። ስልኩ ይመሳሰላሉ ያላቸውን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አቀረበልኝ፤ ደብዛዛውን እያጠፋሁ ጥርት ያለውን አስቀረሁ። ሰኞ ለቡድን መሪው በኩራት ሳሳያቸው፣ ጥርት ያለው ሁሉ እውነት ነው ያለኝ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ቅናት መሰለኝ።

ከወራት በኋላ ከዘንገና አካባቢ ወይዘሮ የዝና የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት አቤት አሉ። ታመው ጫግኒ ልጃቸው ዘንድ ብዙ ወራት ሰንብተው ሲመለሱ፣ አዋሳኛቸው አቶ ስመኝ ድንጋዩን ወደ እርሳቸው ማሳ ገፍተው ለከሰል የሚሆነውን የዲከረንስ ዛፍ ተክለውበት አገኙ። የተወሰደችው ቁራጭ ድንች የሚተክሉባት ብቸኛ ደልዳላ መሬታቸው ነበረች።

ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጋር ማሳው ላይ ተገናኘን። አቶ ስመኝ ሳቅ አሉ።

«ኢንጂነር፣ እሷ በአፏ፣ እኔ በፎቶ። ስልክህን አውጣው።»

ፎልደሩ ውስጥ አንድ ፎቶ ብቻ አለ፤ ድንጋዩ ከዲከረንሱ ችግኝ ጥግ ተቀምጧል። እኔ የማስታውሰው ግን ከማሳው ዳር ካለው የዋንዛ ጉቶ ሥር ነው። መጀመሪያ አቶ ስመኝን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ስልኬን ነክቶት ይሆናል ብዬ የቢሮ ባልደረባዬን፤ በመጨረሻ የራሴን ትዝታ። የተሸነፈው ትዝታዬ ሆነ።

«እማማ፣ ፎቶው እዚህ ነው ይላል» አልኳቸው።

ስልኩን ተቀብለው አቅርበው አዩት።

«ልጄ፣ ወሰኑ የተለካ ቀን እኔም ቆሜ ነበር። የኔ እግር የታለ?»

ምስሉን አጎላሁት። ድንጋዩ ላይ ያረፈው አንድ ቦቲ ብቻ ነው። ያኔ ገባኝ፤ ይህ አቶ ስመኝ ችግኛቸውን እንድመዘግብላቸው ጠርተውኝ፣ ድንጋዩን ልብ ሳልል ያነሳሁት ነው። ሁለት እግር የነበረበትን የልኬታውን ዕለት ፎቶ ደብዛዛ ነው ብዬ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ይህንኑ ለኮሚቴው ተናገርኩ።

«እግሯን ቀድማ አንስታ ይሆናላ» አሉ አቶ ስመኝ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፎቶውን ትተው የልኬታውን ምስክሮች አስጠሩ። የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች በአዊኛ ጥቂት ተነጋግረው ያለ ክርክር ወደ ዋንዛው ጉቶ ሄዱ። ሲቆፈር የድንጋዩ መቀመጫ ከነማስደገፊያ ጠጠሩ ተገኘ። ድንጋዩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ችግኙ ተነቀለ። አቶ ስመኝ ድንጋዩን የገፋው ጎርፍ ነው አሉ። እስከ ዛሬ አላመንኳቸውም።

ወይዘሮ የዝና ሲሰናበቱኝ አላመሰገኑኝም።

«የሌሎቹንስ? የስንት ሰው እግር አጥፍተሃል?»

ከዚያ ወዲህ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ እግር እቆጥራለሁ። አንድ እግር ብቻ ካለበት «ማስረጃ አይሆንም» ብዬ እጽፍበታለሁ። ፎቶ ከማጥፋታችሁ በፊት ማን እንደሌለበት እዩ።