ጅቡን የፈጠርሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። አንተ አንባቢዬ ፊቴን ስለማታየኝ ይቀለኛል መሰለኝ። ፈሪ ነኝ።

ባሕር ዳር የምኖር የቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊ ነኝ። ዓባይ ማዶ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር የጻፉትን ልብ ወለድ ወደ ተከታታይ ድራማ የመለስሁት እኔ ነኝ። ታሪኩ በነገሥታቱ ዘመን ነው፤ ጣና ዳር ባለ የድንጋይ ግንብ ውስጥ ባሏ የቆለፈባት ወይዘሮ፣ ሰው በሌለበት ደረጃ ላይ የሚሰማ ኮቴ። በመጽሐፉ ውስጥ ለወይዘሮዋ የምታዝንላት አንዲት ሸክላ ሠሪ ብቻ ናት። ውኃ የያዘች መስላ በእንስራ ምግብ ታስገባላታለች።

ሸክላ ሠሪዋን የምትጫወተው ተዋናይት ጭቃው አልታዘዝላት አለ። ስለዚህ እንፍራንዝ አጠገብ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ለምነን፣ በገዛ ቤታቸው የእሳቸውን እጆች ቀረጽን። በድራማው ያለችው ሸክላ ሠሪ ደግ ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከሁሉም ደግ እሷ ናት አልኋቸው። ደስ ብሏቸው ንፍሮ አቀረቡልን።

ድራማው መታየት ሲጀምር የፈራ ሰው የለም። አለቆቼ ምኑ ነው የሚያስፈራው እያሉ ወጥረው ያዙኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ አደረግኋት። ጅብ ሆና ወይዘሮዋን እንድትበላ ጻፍሁ። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በዚህ ስም ስንት ዘመን ከሰው ተለይቶ እንደኖረ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቄ ነው። የሀገሬ ሰው የሚደነግጠው በዚህ መሆኑንም አውቄ ነው። መምህሩ ሰምተው ደወሉልኝ። «እኔ መጽሐፉን የጻፍሁት ይህን ስም ከላያቸው ላነሣላቸው ነበር» አሉኝ። የቴሌቪዥን ጠባዩ ነው ብዬ መለስሁላቸው።

ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ጭቃ ሲያለሰልሱ የሚታዩት እጆች የእማማ ጥሩነሽ ነበሩ። ፊታቸው አይታይም፤ ጎረቤት ግን እጁንም ቤቱንም ያውቀዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ገበያ ላይ ድስታቸውን የሚነካ ጠፋ። ልጃቸው ሰርካለም ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ ቤተሰቦች የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን የተቀበሉት ስንት ወር ተሟግተው ነው። አሁን ነገሩ ይቆይልን አሉ።

እማማ ደወሉልኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ምን ነበረበት? «ልጄ፣ እሑድ የሰርካለምን ነገር ሊቆርጡ ሽማግሎቹ ይሰበሰባሉ። መጥተህ ከራሴ ነው የፈጠርሁት በልልኝ። አንተን ያምኑሃል» አሉኝ። እመጣለሁ አልሁ።

ሄድሁም። እንፍራንዝ አጠገብ ከሚኒባስ ወረድሁ። ሽማግሎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከሩቅ አየኋቸው። እማማ በራቸው ላይ ቆመው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ዋሽቻለሁ ልል ነው? ነገ ስሜ ምን ሊሆን ነው? ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ ሚኒባስ መጣ፤ ገባሁ። እሳቸው ስማቸውን እንዳድስላቸው ሲጠብቁኝ እኔ የማስበው ስለ ራሴ ስም ነበር። የሰርካለም እጮኝነት በዚያው ቀን ፈረሰ።

በማግስቱ እማማ እንደገና ደወሉ። ምን ብዬ እንደምዋሽ ገና ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ። «መኪናው ተበላሽቶብህ ነው አይደል፣ ልጄ? ስሰጋ አደርሁ። እንኳን አንተ ደህና ሆንህ» አሉኝ።

አዎ አልሁ።

ይቅር በሉኝ ለማለት አፌን አልከፍትም። ይቅር እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው፤ ይቅር ካሉኝ ደግሞ ይቅርታቸውንም እንደ ንፍሯቸው በልቼ መሄዴ ነው። እውነቱን ግን ይወቁት፤ እማማ፣ መኪናው አልተበላሸም። በርዎ ላይ ቆመው አይቼዎታለሁ።