ጾም ገድፌ የቆምኩበት ችሎት

የሆነበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም፤ ብትጠይቁኝ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እላችኋለሁ። ትዝ ያለኝም ባለፈው ሰሞን ነው። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን የወራሽነት ወረቀት ስታወጣ ምስክር ሁንልኝ ብላኝ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ሄድን። ተራችን ሲደርስ ጸሐፊዋ ሦስታችንን ምስክሮች አንድ ላይ አቁማ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣ ቀኝ እጃችሁን አንሡ አለችን። አንሥተን ማልን። አንደኛው ምስክር እየማለ በግራ እጁ ስልኩን ጸጥ ያደርግ ነበር። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጠርዙ በፕላስተር የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ ተቀምጧል፤ ጎንበስ ስል የቆዳውና የስንቱ ሰው የእጅ ወዝ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ አፌ ውስጥም ያላሰብኩት የሽምብራ እሸት ጣዕም መጣ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። የምንኖረው ከደምበጫ ወደ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ አጠገብ ነበር። እዚያ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጨውና ላምባ፣ ክርና ሳሙና የሚሸጡ ሙስሊም ባለሱቅ ነበሩ። አባቴ በሕይወት ሳለ ፈረሳችን የወለደቻትን ዳማ በቅሎ ሸጦላቸዋል። እሳቸውም ዕቃቸውን ከገበያ ገበያ የሚያመላልሱባት በእሷ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን አቶ ዳምጤ የሚባል የደብረ ኤልያስ ሰው ገበያ መሐል ልጓሟን ያዘና፣ ‹‹አምና የተሰረቀችብኝ በቅሎ ይቺ ናት›› አለ። በቅሎዋን ፖሊስ ወሰዳት፣ ጋሽ ሰይድም የሌባ ዕቃ ገዝተሃል ተብለው ተከሰሱና በዋስ ወጡ። ለነጋዴ ይህ ስም ከወጣበት መታሰሩ ቢቀር እንኳ ሱቁ በራሱ ይዘጋል። ሽያጩን ያዩት ሁለት ሽማግሌዎች አባቴን ተከትለው አልፈዋል። በቅሎዋ ስትወለድ ያየሁና ስትሸጥ የነበርኩ እኔ ብቻ ቀረሁ።

የቀጠሮው ዕለት ዶሮ ሲጮህ ተነሥቼ ፍርድ ቤቱ ወዳለበት ከተማ በእግሬ ገሠገሥኩ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ በቤታችን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ አይቀመስም። ግን ጎህ ሲቀድ መንገዱ ግራና ቀኝ የሽምብራ ማሳ ነበር፤ ጤዛው እግሬን ያርሰኛል፣ ያ ጨው ጨው የሚል የቅጠሉ ሽታ ይከተለኛል፤ እኔም እንደ ዘበት አንዱን ነቀልኩና እየፈለፈልኩ፣ ሌላም ደገምኩና እየፈለፈልኩ ስበላ፣ ጾም መሆኑ ትዝ ያለኝ ከተማው መግቢያ ላይ ፍሬው ጥርሴ መሐል ገብቶ በእንጨት ስጎረጉር ነው። ንስሐ አባቴ ይፈቱኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁና ገባሁ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ የንጉሡ ሥዕል የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል፣ ሚስማሩም አልተነቀለም። ሃይማኖትና መንግሥት ተለያይተዋል ሲባል ሁላችንም በሬዲዮ ሰምተናል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን መጽሐፍ ቅዱሱና ቁርዓኑ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስሜ ተጠርቶ ስቆም ዳኛው፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት፣ እጅህን ጫንና ማል አለኝ።

እጄን ዘርግቼ መሐል ላይ ቀረሁ። አባቴ የበላ ሰው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ፣ ከውጭ ተሳልሞ እንዲመለስ፣ መጽሐፍም በባዶ አፍ እንጂ እንዳይነካ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። ጣቶቼ ላይ የእሸቱ አረንጓዴ ገና አልለቀቀም።

‹‹አልችልም፣ ጌታዬ›› አልኩ።

አቶ ዳምጤ ወደ ሰዉ ዞረ። ‹‹አያችሁ? ሊዋሽ መጥቶ መጽሐፉን ሲያይ ፈራ።››

በእኛ አገር ከመጽሐፍ ፊት እጁን ያጠፈ ሰው ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ አግዳሚው ሁሉ አጉረመረመ። ዳኛው ለምን ቢለኝ እንደምንም ብዬ፣ ‹‹ጠዋት እሸት በልቻለሁ፣ ጾም ገድፌያለሁ›› አልኩ።

‹‹ይህ ፍርድ ቤት ነው›› አለ። ‹‹መንግሥት ጾም አያውቅም።››

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ‹‹ታዲያ መጽሐፉን እዚያ ማን ረሳው?›› ሲሉ ሰዉ ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታና አሁኑኑ ካልማልክ ያለ ምስክር እወስናለሁ አለ። ብምል በልቼ መጽሐፍ የነካሁ ልሆን ነው፤ ባልምል ጋሽ ሰይድ በእኔ እሸት ወኅኒ ሊወርዱ ነው።

ያን ጊዜ ጋሽ ሰይድ ከተከሳሹ ቦታ እጃቸውን አወጡ። ‹‹ክቡር ዳኛ፣ ለነገ ይቅጠሩልን›› አሉ። ‹‹ነገ ጾሞ ይመጣል።››

‹‹የሚመሰክረው ላንተ፤ የምታዘገየው አንተ›› አለ ዳኛው። ‹‹ደግሞ ሙስሊም ነህ። የእሱ ጾም አንተን ምን አገባህ?››

‹‹ሠላሳ ዓመት ስነግድላቸው ጾማቸውን ካላወቅኩ ቅቤውን መቼ ልሸጥ፣ ኑጉን መቼ ልሸጥ?›› አሉና ሰዉ ዳግም ሳቀ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ‹‹ዛሬ አስገድደውት ቢምል እኔ በቅሎዬን ይዤ እገባለሁ። እሱ ግን ይህን ተሸክሞ ነው ቤቱ የሚገባው። ጎረቤቴ ነው፣ አልፈልግም።››

ዳኛው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት መጻሕፍት ያን ዕለት ገና እንዳያቸው ሰው ተመለከታቸው፤ ከዚያ መዝገቡን ዘጋና ለነገ ጠዋት ቀጠረ።

ጋሽ ሰይድ አንዲት የሚያውቋት ክርስቲያን ባልቴት ቤት ወስደው አሳደሩኝ፤ ለእንግዳ ብላ ጠዋት ቁርስ እንዳታቀርብልኝም እንግዳው ጾመኛ ነው ብለው አስጠነቀቋት። በማግስቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስንገናኝ ቁርስ በልተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ‹‹አንተ ለእኔ ብለህ ተርበህ እኔ ፈትፍቼ ልምጣ?›› አሉኝ።

ማልኩ። በቅሎዋ ገና ግልገል ሳለች አጥራችን ላይ ስትዘል እሾህ የግራ ጆሮዋን ከውስጥ በኩል እንደሰነጠቃት፣ አባቴም ቁስሉን በጨው እንዳጠበላት ተናገርኩ። አቶ ዳምጤ ስለ ጆሮዋ ቢጠየቅ የእሱ በቅሎ ጆሮ ስንጥቅ እንዳልነበረበት አመነ። ዳኛው ራሱ ግቢ ድረስ ወርዶ ጆሮዋን ገልብጦ አየ፤ እሷም ራሷን አራግፋ ካባውን በለሃጭ አበላሸችው። ለነገሩ አቶ ዳምጤም ክፉ ሰው አልነበረም፤ በቅሎው ጠፍታበት እውነትም መስላው ነው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ጋሽ ሰይድን ጉልበታቸውን ሳመ።

ዛሬ ሱቃቸው የለም፣ ቦታው ላይ ፎቅ እየተሠራ ነው። መንግሥት ጾሜን ባያውቅ አይከፋኝም፤ ድሮም የሚያውቁልኝ ሰዎች እንጂ ቢሮዎች አልነበሩም። የሚከፋኝ ሰዎቹም እየረሱት መምጣታቸው ነው። ልጄ በዓቢይ ጾም ረቡዕ ጠዋት ከባሕር ዳር ይደውልና፣ ‹‹አባዬ፣ ቁርስ በላህ?›› ይለኛል። ፍቅሩ ነውና አልቆጣውም፣ እስካሁን አልበላሁም ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። ከዚያ ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ እቀመጥና፣ እኔ የገደፍኩትን ጾም በራሳቸው ነፃነት አስይዘው የጠበቁልኝን ሰው፣ ጋሽ ሰይድን አስባለሁ።