የኮሊን ማሊያ በጨረታ

ካሣዬ ታክሲ መንዳት ካቆመ ወዲህ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ሬስቶራንት ጀርባ ያለውን ፓርኪንግ ይጠብቃል። ከታክሲው ዘመን የተረፈው አንድ ማሊያ ነው። እጅጌ የለውም፣ ደረቱ ላይ ፊርማ አለው።

የሰጠው ኮሊን የሚባል ደንበኛው ነበር። ኮሊን አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሞላላ ኳስ በእጅም በእግርም በሚጫወቱበት በዚያ እግር ኳስ፣ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ጉልበቱ ከተበላሸ በኋላ ካልቨር ሲቲ ተከራይቶ ሲኖር ካሣዬ ለዓመታት አመላለሰው። በየመንገዱ የጨዋታውን ሕግ ያስረዳው ነበር። ካሣዬ እሺ እሺ ይላል እንጂ አንዱም አልገባውም። ኮሊን አገሩ ሊመለስ ሲል የመጨረሻ ግጥሚያውን የተጫወተበትን ማሊያ ፈርሞ ሰጠው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰበስቡ ሰዎች በውድ ይገዙታል፤ ካሣዬ ግን አልሸጠውም። ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

ኮሊን ዘንድሮ ሞተ። ልጁ ኤማ ደውላ፣ አባቷ ጨዋታ የጀመረበት የገጠር ክለብ ማሊያውን በመስታወት አድርጎ ሊሰቅለው እንደሚፈልግ ነገረችው። ካሣዬ እኔ ጋ አለ፣ መጥተሽ ውሰጂ አላት። ቲኬት ቆረጠች። ሰኞ ትደርሳለች።

ሐሙስ ቁም ሳጥኑን ሲከፍት ማሊያው የለም።

ባለቤቱ ሰገነት ለቤተ ክርስቲያኑ ጨረታ ሰጥታዋለች። የሕንፃ ኮሚቴው ዕቃ ሲጠይቅ ሌላው ሰው ጃንጥላና ሥዕል አመጣ፤ እሷ የታዋቂ ሰው ማሊያ አቅርባ ኮራች። ካሣዬ ስለ ኤማ የነገራት ነገር የለም። ሄደሽ አስመልሺ አላት።

«ለእግዜር የሰጠሁትን መልሱልኝ ልበል?» አለችው። «ያውም በስምህ ነው የሰጠሁት። ስምህ ተጠርቶ እልል ተብሎበታል።»

ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የራሱን ማሊያ ሊገዛ አዳራሽ ገባ።

አጫራቹ መክብብ ማይክ ከያዘ የሚለቅ ሰው አይደለም። ማሊያውን ከፍ አድርጎ፣ «እጅጌው የት ሄደ እንዳትሉኝ፤ ሰውየው ጡንቻውን ሊያሳየን ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ካሣዬ ሳይስቅ ተጫረተ። ሊሞዚን የሚያከራየው ቀለመወርቅ ለጨዋታ ያህል እየጨመረ አስቸገረው። በመጨረሻ ካሣዬ አሸነፈ። ተነስቶ እጁን ዘረጋ።

መክብብ ማሊያውን አልሰጠውም። «ጋሽ ካሣዬ አሸንፈው፣ መልሰው ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተዋል!»

ወጉ ይኸው ነው። ያሸነፈ ሰው ይከፍልና ዕቃውን ይመልሳል፤ ዕቃው እንደገና ይሸጣል። ካሣዬ ራሱ አምና ጃንጥላ መልሷል። ግን ሳይጠይቁኝ አይወስዱም ብሎ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። እልልታው ቀለጠ።

ሁለተኛውን ዙር ቀለመወርቅ አሸነፈ። ካሣዬ ሰውየው ማሊያውን ይዞ ይሄዳል ብሎ ሰጋ። ቀለመወርቅም እንደ ወጉ መለሰ። በሦስተኛው ዙር ካሣዬ እንደገና አሸነፈ። መክብብ አፉን ከመክፈቱ በፊት ካሣዬ መድረኩ ላይ ወጣና ማሊያውን ከእጁ ነጥቆ በሙሉ ልብሱ ላይ አጠለቀው። ክራቫቱ በአንገቱ በኩል ብቅ አለ።

«ያውልቁት እንጂ ጋሼ» አለ መክብብ፣ ማይኩን ሳያርቅ። «ሕዝቡ እየጠበቀ ነው።»

«አልመልስም» አለ ካሣዬ። «ለሟች ልጅ ቃል ገብቻለሁ። ከፈለጋችሁ እኔን አጫርቱኝ።»

መክብብ ማይኩን አወረደ።

«እሱንማ ማን ይገዛዋል» አለ ቀለመወርቅ ከኋላ። ሳቁ መልሶ ፈነዳ። ካሣዬ ከነማሊያው ወጣ።

መኪና ውስጥ ሰገነት፣ ስለ ልጅቷ አንድ ቃል ተናግረኸኝ ታውቃለህ ወይ አለችው።

ሰኞ ኤማ ፓርኪንጉ ድረስ መጣች። ማሊያውን ገልብጣ አየችና፣ አባቷ ካወለቀው ወዲህ ማንም ለብሶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አላት። የተለበሰበትን ምክንያት ለማስረዳት ሞከረ። የጨረታውን ሕግ ስትሰማ እሺ እሺ አለች፤ እንዳልገባት ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ማሊያውን አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችና ካሣዬን አቅፋው ሄደች።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። መክብብ ነው። ለመጪው ጨረታ የሚሆን፣ ኮሊን ጫማም ሰጥቶት እንደሆነ ይጠይቃል።

ካሣዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።