ሲፈን የምትገባበት ቀን

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ አምቦ

የመናኸሪያውን ጭቃ እየዘለልኩ የባኮን ሚኒባስ አገኘሁ። ሹፌሩ ኦቦ ቶሎሳ ጋቢና አስቀመጡኝና ገና ሞተሩ ሳይሞቅ "ለምን ጉዳይ ነው?" አሉኝ። እጃጂ ያሉ መሥሪያ ቤቶች የጋራ ግብ አወጡ ስለተባለ ላየው ነው ብላቸው ሳቁብኝ።

"ወይ ጉድ! ዕቅድ ለማየት እጃጂ ድረስ የሚሄድ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።"

እውነታቸውን ነው። እኔም ሪፖርት ሲባል ያዛጋኛል። ከአልጋ ያስነሳችኝ ግን ሲፈን የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። መራመድ አትችልም፣ ትምህርት ቤትም ገብታ አታውቅም። ዛሬ ትገባለች ተብሏል። መግባቷን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።

2 ሰዓት ከሩብ፣ ጌዶ

ጉደርን አልፈን፣ ዳገቱን ጨርሰን ቁርስ ላይ ነን። ጨጨብሳ በማር፣ ትኩስ ሻይ፣ አጥንት የሚገባ ብርድ። ኦቦ ቶሎሳ ለአንድ ማኅተም ስንት ቢሮ እንደተመላለሱ እያወሩ ሻያቸው ቀዘቀዘ። "ሁሉም ሥራዬን ጨርሻለሁ ይልሃል። የኔ ጉዳይ ግን አያልቅም!" አሉ።

4 ሰዓት፣ ከእጃጂ በታች

ከእጃጂ በባጃጅ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ወረድኩ። የተቀበለኝ ገመቹ የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ሠራተኛ ነው። ሲፈን አምና ለምን እንዳልገባች ጠየቅኩት።

"ጤና ቢሮ ለተሽከርካሪ ወንበር ልከናታል ብሎ ጻፈ። ትምህርት ቢሮ መዝግበናታል አለ። የኛ ቢሮ ደግሞ ድጋፍ እንደሚያስፈልጋት ለይተናታል አለ። የሦስቱም ሪፖርት ሙሉ ነበር። ልጅቷ ግን ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።"

"ለይተናታል ብሎ የጻፈው ማነው?"

አንገቱን አከከ። "እኔ ነኝ።"

እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር የቢሮ ሰው ስላልለመድኩ ወደድኩት። ዘንድሮ ለሦስቱ ቢሮዎች አንድ ወረቀት ብቻ ነው ያለው፤ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። "ሲፈን ክፍል ገብታ ትማራለች" ይላል። ከሥሩ ምልክት የሚያደርጉት እናቷ ናቸው። እሳቸው ሳያደርጉ ማንም ሠራሁ ብሎ ሪፖርት አይጽፍም።

እናትየው አዴ ዲንቂቱ አዲሱን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ፣ ከጤና ቢሮው ሠራተኛና ከርዕሰ መምህሩ ጋር መጡ። ሲፈን ሰማያዊ ዩኒፎርሟን ለብሳ ደብተሯን በሁለት እጇ አቅፋለች። በሩ ጋ ሲደርሱ ወንበሩ ቀጥ አለ። ለካ ክፍሉ ደረጃ አለው! ወንበሩን ያመጣው የጤናው ሰው ደረጃውን አላየ፣ ደረጃውን በየቀኑ የሚረግጠው ርዕሰ መምህር ወንበሩን አላሰበ።

"ግንባታ እንኳ የኛ ሥራ አይደ..." ብሎ ጀመረ ርዕሰ መምህሩ።

ገመቹ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አሳየው። ሰውየው አፍሮ ከዕቃ ቤት ያረጀ ጥቁር ሰሌዳ ጎትቶ አመጣና ደረጃው ላይ አጋደመው። የጤናው ሰው ኮቱን አውልቆ ከሥሩ ድንጋይ ደለደለ። ሰሌዳው እየተንቋቋ ሲፈንን አሳለፋት። እኔም ስገፋ ነበር፣ ላቤ ጠብ እስኪል።

መምህርቷ ለሲፈን ስትል ስም መጥራቱን ከመጀመሪያው ጀመረች። ስሟ ሲደርስ "ጂራ!" አለች፤ አለሁ ማለቷ ነው። ደስታዬን አልደብቅም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ገመቹ በፈገግታ እስክሪብቶውን ለአዴ ዲንቂቱ ሰጣቸው። ወረቀቱን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ።

"ዝናብ ሲመጣ ይሄ አያንሸራትትም?"

አዴ ዲንቂቱ ሰሌዳውን በእግራቸው ጫን አድርገው ሞከሩት።

"አሁን ምልክት ባደርግ ነገ አንዳችሁም አትመጡም። ደረጃው ይስተካከል። ዝናብ ሲዘንብም ገብታ ትማር። ያኔ አደርጋለሁ።" እስክሪብቶውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

9 ሰዓት፣ መልስ

ኦቦ ቶሎሳ ከባኮ ሲመለሱ መንገድ ላይ አነሱኝ።

"እህ፣ ዕቅዱ እንዴት ሆነ?"

"ልጅቷ ክፍል ገብታለች።"

"ተሳካላቸው በለኛ!"

"ገና ነው። ተሳካ ብለው ምልክት የሚያደርጉት እናትየው ናቸው፤ እስክሪብቶውን ቋጥረው ይዘውታል።"

ኦቦ ቶሎሳ አልሳቁም። ጌዶ ስንደርስ "የኔ ጉዳይ አለቀ የምለው እንደዚያች እናት እኔው ብሆን ኖሮ፣ ያ ማኅተም ይሄን ያህል ባላመላለሰኝ!" አሉ።