ሞት ሳይኖር ጡሩንባ የነፉልን አያ ጓንጉል

አያ ጓንጉልን የምታውቁ ሁሉ፣ ባለፈው ሰኞ ጠዋት አርፈዋል። በሩቅ ያላችሁ ሳትሰሙ ብትቀሩ አልፈርድባችሁም፤ እዚሁ አጥር ለአጥር ያለነውም ብዙዎቻችን አልሰማንም። ጡሩንባ አልተነፋላቸውማ! ለመንደሩ ሬሳ ሁሉ ሲነፉ የኖሩ ሰው፣ ለራሳቸው ሳይነፋላቸው ተቀበሩ።

እኔ አበልጃቸው ነኝ፤ የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ እያወራሁ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። «ረጋ በይ እማ» ትለኛለች። ምን ልረጋ!

ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ያለችውን መንደራችንን ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት አያ ጓንጉል ገና ጎሕ ሲቀድ ጉብታው ላይ ወጥተው ይነፋሉ፤ ከዚያ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራሉ። ድምፃቸው ወንዝ ይሻገር ነበር። አንድ ከስማዳ መጥቶ በቀን ሥራ ሲንከራተት የነበረ ሰው፣ ተከራይቶ በተኛበት ቤት ሞተ። የእድሩ አባል አይደለም። አያ ጓንጉል ማንንም ሳይጠይቁ ነፉለት፤ ያውም ከወትሮው አስረዝመው። የእድሩ ዳኛ «አባል ላልሆነ ማን ንፋ አለህ?» ብለው ተቆጡ።

«ዘመድ ላለው አንዴ ብነፋ ይበቃዋል፤ የቀረውን ዘመዱ ይጠራለታል። ትንፋሼን የምጨርስ ዘመድ ለሌለው ነው» አሉ።

ሰዉ ወጣ። በወግ ቀበርነው።

ባለቤቴ የሞተ ለት ደግሞ ገብሴ አውድማ ላይ ነበር። አያ ጓንጉል የራሳቸውን ትተው በበሬዎቻቸው የኔን አበራዩልኝ። የሳቸውን ክምር ዝናብ መታው። ምን ብዬ ላመስግን ብዬ ስጨነቅ፣ «እርስዎ ልጆች አሉዎት፤ እኔ ብቻዬን ስንት እበላለሁ ብለው ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ሄደዋል፤ ልጅም አልወለዱ።

አምና ክረምቱ ሲወጣ ሰዎች በመኪና መጥተው ከጓሯችን ችካል ተከሉ። የየከተማውን ቆሻሻ በመኪና አምጥተን፣ እዚህ አቃጥለን፣ መብራት እናወጣለን አሉ። ከኔ ግድግዳ እስከ ችካሉ አንዲት ዶሮ ሳታርፍ ትደርሳለች። ሰብስበውን አንድ ወጣት በሥዕል ያስረዳን ጀመር።

«ጭሱስ ወዴት ይሄዳል?» አልሁት እኔ።

«ጭሱ ታጥቦ ነው የሚወጣው እማማ፤ አያስቡ።»

አያ ጓንጉል ከኋላ ተነሡና፣ «ጭስ ማጠብ ካወቃችሁበትማ፣ እስቲ መጀመሪያ ይችን ጋቢዬን አጥባችሁ አሳዩን» አሉ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ወጣቱም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ቆሻሻው የኛ አይደል። መብራቱም ለናንተ ይደርሳል ያለን የለም። ለኛ የሚቀረን ጭሱ ነው። ከቤታችን አርቁልን» አሉ። ይኸንኑ አስጽፈን፣ ሁላችን ጣታችንን አትመን ሰጠን። መልስ አልመጣም።

በታኅሣሥ መሬቱን ሊደለድል ዶዘር መጣ። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። በአውድማ ጊዜ ሰው ለምንም ነገር ሥራውን ጥሎ አይመጣም፤ ለሞት ብቻ ነው የሚመጣ። አያ ጓንጉል ይኸን ያውቃሉ። ጉብታው ላይ ወጡና ነፉ።

ወዮ የዚያን ቀን! ወንዱ መንሹን እየጣለ፣ ሴቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ «ማነው? የማን ቤት ነው?» እየተባባለ ጎረፈ። የዶዘሩ ሹፌር እንኳ ቀብር መስሎት ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ወረደ። አያ ጓንጉል ከዶዘሩ ፊት ቁመዋል።

«አያ ጓንጉል፣ ማነው የሞተው?»

«እስካሁን ማንም አልሞተ።»

«ታዲያ ምን ሁነው ነው የነፉ? አበዱ እንዴ?»

«ሁልጊዜ የምጠራችሁ ከሞተ በኋላ ነው። መጥታችሁ ከማልቀስ በቀር ምንም አትፈይዱ። ዛሬ ቀደም ብዬ ጠራኋችሁ። ቁሙ!»

ቆምን። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆምን። ዶዘሩ ተመለሰ።

አሁን የሚመረውን ልናገር። የእድሩ ዳኛ ልጅ ለሥራ ቆላ ወርዶ ወሬው ጠፍቶ ነበር። እናቱ ጡሩንባውን ሲሰሙ ልጄ ነው ብለው ፊታቸውን ነጩ፤ ደም በደም ሁነው ደረሱ። ይኸ ጥፋት ነው። አያ ጓንጉልም ጥፋቴ ነው ብለው እግራቸው ላይ ወድቀዋል። እናቱስ አፉ ብለው ይቅር አሉ። ባላቸው፣ ዳኛው፣ ግን አፉ አላሉም።

በሳምንቱ እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ባለ ፋብሪካዎቹ በመሐሉ ለእድሩ አዲስ ድንኳን ሰጥተዋል። ለኔም ልጅ፣ ለዚያው እሳቸው ክርስትና ላነሡት፣ የዘበኝነት ሥራ ቃል ገብተውለታል። ዳኛው ተነሥተው፣ «ያለ ሞት የሞት ጡሩንባ የነፋ ይሰረዝ የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ። እጅ ወጣ። የኔም እጅ ወጣ። አያ ጓንጉል አዩኝ። ጡሩንባውን ከትከሻቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ።

ከወር በኋላ ዶዘሩ ተመልሶ መጣ። የሚጠራን አልነበረም። ጓሯችን ተደልድሎ በቆርቆሮ ታጠረ። ልጄ በሩ ላይ ቁሞ ይጠብቃል።

አያ ጓንጉል በፋሲካ ሰሞን ታመሙ። ልጠይቅ ስሄድ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «አበልጄ፣ ፋብሪካውስ ይሁን፤ ስሜን ያስመልሱልኝ። ይኸን ሁሉ ሰው ለቀብር ጠርቼ፣ ለኔ ሳይጠራልኝ አልቅር» አሉኝ። «እሺ» አልሁ። ሁለት ስብሰባ ገብቼ ተቀመጥሁ። ከሁለቱም አፌን ሳልከፍት ወጣሁ። ልጄን ያባርሩብኛል ብዬ ነው።

ሰኞ ለት የቀበርናቸው ስድስት ሰዎች ነን፤ የነፍስ አባታቸው፣ ጎረቤታቸው ሙስሊሙ ነጋዴ ሰይድ ከሁለት ልጆቹ ጋር፣ እኔና የልጅ ልጄ። ሰይድና ልጆቹ የቃሬዛውን ሦስት ጫፍ ያዙ፤ አራተኛውን ቄሱ ራሳቸው ገቡበት። አዲሱ ድንኳን እንደ ተጠቀለለ ዳኛው ቤት ነው። የክርስትና ልጃቸው ተረኛ ነኝ ብሎ ቀረ። በቆርቆሮው አጥር በኩል ስናልፍ ቁሞ አየን።

በማግስቱ ዳኛው ቤት ሄድሁ።

«ስሜን ይሰርዙልኝ» አልሁ።

«ምን ነካዎት እትዬ አገሬ? በዚህ ዕድሜዎ! ኋላ ማን ሊቀብርዎ ነው?»

«አያ ጓንጉልን የቀበረ።»

ሰረዙኝ።

አያ ጓንጉል፣ አበልጄ። ስሜን ማሰረዜ ለእርስዎ ምንም አይፈይድ፤ አውቃለሁ። ያን እሑድ እጄን ባላወጣ ነበር የሚፈይድ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ እንዳልለምን፣ በሕይወት ሳሉ ደጅዎ አሥር እርምጃ ነበር፤ ልጠይቅዎ ገብቼ እንኳ አላልሁዎትም። ነፍስዎን ይማር፤ አፈሩ ይቅለልዎ። ለእኛም ይለምኑልን እንዳልል አፌ አልደፈረም። በሰላም ይሂዱ፤ ዞረው አይዩን።