ለማላውቃቸው ሴት የሰጠሁት ጋቢ

የካናዳ ፓስፖርት የተሰጠኝ ጊዜ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ አገር ደርሶ መመለስ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከአገር ወደ አገር የሄድኩት ሁሉ ተገፍቼ ነው። ሱዳን የገባሁት ሸሽቼ፣ ቶሮንቶ የመጣሁት ሌሎች ሰዎች ወስነውልኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳያባርረኝ፣ ማንም ሳይልከኝ ልሂድና ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ዳቦ በልቼ ልመለስ አልኩ። ቶሮንቶም ሐይቅ አለ። ግን የምኖረው ከሐይቁ ርቄ ኖርዝ ዮርክ፣ የምሠራው ደግሞ ኢቶቢኮ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስለነበር፣ ቀኑን ሙሉ የማየው ውሃ አንሶላ የሚያሽከረክረውን ብቻ ነበር።

ጄኔቫን የመረጥኩት ማደሪያ ስለተገኘልኝ ነው። የእኛ ሰው አገር ለማየት ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እዚያ ማን አለ?» ብሎ ነው። በምኖርበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ አንዲት ትልቅ ሴት ጎረቤት ነበሩኝ፤ ታናሽ እህታቸው ጄኔቫ ይኖራሉ።

«ሆቴል? ምን ሆነሽ ነው ሆቴል የምታድሪው፣ እህቴ እያለች!» አሉኝ። «ባቡር ጣቢያ መጥታ ትወስድሻለች። ቀይ ናት፣ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ። አትጠፋሽም።»

የእህታቸውን ስምም ነግረውኝ ነበር። ግን ትልቅ ሰውን በስሙ አልጠራም፤ ስምዎ ማን ነው ብዬም አልጠይቅም። እንደዚያ ነው ያደግሁት።

ልሄድ ስል ጎረቤቴ አንድ ጥቅል ሰጡኝ። በነጭ አቡጄዲ ተጠቅልሎ ዙሪያውን በክር ተሰፍቷል። እናታቸው አገር ቤት ሞተው ነበር፤ ሁለቱም ልጆች ለቀብር አልደረሱም። ውስጡ ያለው የእናትየው ጋቢ ነው።

«አላጠብኩትም» አሉኝ። «የሰፋሁት ጠረኗ እንዳይወጣ ብዬ ነው። እኔ አሽትቼ አልቅሻለሁ፤ አሁን የእሷ ተራ ነው። ስትሰጫት ምንም አትበያት። ታለቅሳለች። ዝም ብለሽ ስጫት።»

ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነበር።

ርካሹ የአውሮፕላን ትኬት እስከ ፓሪስ ብቻ ስለነበር ከዚያ ወዲያ በባቡር ሄድኩ። ትኬት ሻጩ ቀደም ብሎ የሚነሣ ባቡር ላይ ቦታ አለ ሲለኝ እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀለኛል። ስለዚህ ጄኔቫ የደረስኩት ከተባለው ሰዓት በፊት ነው። ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳልቆይ አንዲት ሴት ከፊቴ ቆሙ። ቀይ ናቸው፣ ወፈር ያሉ፣ ሳቂታ።

«አንቺ! ሐበሻ ነሽ አይደል?»

ተነሥቼ ጎንበስ አልኩ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከካናዳ።»

«ከካናዳ! በሞትኩት! በዚች ስስ ኮት! ታዲያ ማን ሊቀበልሽ ነው?»

የሚቀልዱብኝ መሰለኝ።

«እርስዎ ነዎታ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ሳቃቸው ጣቢያውን ሞላው። «እውነትሽን ነው! እኔ ካልተቀበልኩሽማ ማን ይቀበልሻል! ነይ በይ፣ ነይ!» ብለው ሻንጣዬን ነጠቁኝ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነበር፤ ከጣሪያው ሥር፣ መስኮቱ ሰማይ ሰማይ የሚያይ። ቢሮ ነው የሚያጸዱት። ጎረቤቴ «እህቴ ሰፊ ቤት አላት» ብለውኝ ነበር። ሰው ለዘመዱ ኑሮውን ያሳምርለታል ብዬ አለፍኩት። አልጋቸውን ለቀው ለራሳቸው መሬት ላይ አነጠፉ። እምቢ ብል «ዝም በይ፤ ጀርባዬን ያመኛልና መሬት ነው የሚስማማኝ» አሉ። ሽሮ ሠሩ። በልተን ስንጨርስ ጥቅሉን አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«ይሄ የእርስዎ ነው።»

«የኔ? ምን አደረግኩልሽና?»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ጋቢውን ዘርግተው አዩት፣ ከዚያ ፊታቸውን ቀበሩበትና አለቀሱ። ጎረቤቴ እንዳሉት ሆነ። እኔም እንደታዘዝኩት ዝም አልኩ።

«እዚህ አገር ከመጣሁ ይኸው ስንት ዘመኔ» አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ያለበሰኝ የለም።» ያን ሌሊት ተከናንበውት አደሩ።

በማግስቱ ሐይቁን አየሁ። ጋቢውን ከኮታቸው በላይ ደርበው ከፊት ከፊት እየሄዱ አስጎበኙኝ። ከሐይቁ መካከል ወደ ሰማይ የሚተኮስ ውሃ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ላባ ይመስላል። ሐይቁን የሚያዞር ጀልባም አለ፤ ትኬቱ ግን ውድ ነው።

«ተይው፣ እሱ የሀብታም ነው» አሉኝ። «እኛ በእግራችን እንዞረዋለን። ውሃው እንደሆነ ያው ውሃ ነው።»

የእጅ ሰዓት የሚሸጥበት ሱቅ መስታወት ላይ ተጠግቼ ሳይ ደግሞ፦ «ኧረ አፍንጫሽን አንሺ! እነዚህ ሰዎች ትንፋሽም ያስከፍላሉ!»

ሐይቁ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በላን። ቅርፊቱን በመሐረባቸው ቋጠሩት። ነፋሱ ሲበረታ የጋቢውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ ሁለታችንም አንድ ጋቢ ውስጥ ሆነን ውሃውን አየን። ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ቀን የሳቅኩበት ቀን አልነበረም።

ወደ ማታ ላይ «ለሰዎችሽ ደውዪ እንጂ፤ ሞታለች ይሉሻል» አሉኝ። እኔማ ስልካቸውን ለማስፈቀድ አፍሬ ነበር የቆየሁት። ሒሳቡን ተቀባይ በሚከፍለው ጥሪ አስደወሉልኝ።

«የት ነው ያለሽው?!» ጎረቤቴ ጮኹ።

«ጄኔቫ። ከእህትዎ ጋር ነኝ።»

«ከየትኛዋ እህቴ! እህቴ ትናንት ጣቢያ ስትንከራተት አመሸች! ዛሬ ፖሊስ ጋ ሄዳለች! ማን ቤት ነው የገባሽው? ጋቢውስ? የእናቴ ጋቢስ?»

ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ሴትየዋ ጋቢውን እንደደረቡ አልጋው ጫፍ ላይ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። እጃቸው ቆመ። ተነሥተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

«አይደንግጡ እመቤቴ» አሉ። «ልጅቱ ደህና ናት። አደራውም አለ። የእህትዎን ቤት ይንገሩኝ፤ አሁኑኑ አደርሳታለሁ።»

ስልኩን ዘግተው ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ምነው አልነገርሽኝም?» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። እህትየዋ መስለውኝ ነው ማለት ፈለግሁ፤ አልወጣልኝም። ጋቢውን በእጃቸው እያለሳለሱ አጣጠፉት፣ በአቡጄዲው መልሰው ጠቀለሉት፣ መርፌና ክር አምጥተው በድሮው ቀዳዳ በድሮው ቀዳዳ መስፋት ጀመሩ።

«እንዳይቆጡሽ» አሉ ቀና ሳይሉ።

የእውነተኛዋ እህት ቤት ሰፊ ነበር። በሩን ሲከፍቱ እኔን እንኳ በደንብ አላዩኝም፤ ያዩት ጥቅሉን ነው። እዚያው በር ላይ ክሩን በጠሱት። ፊታቸውን ጋቢው ውስጥ አስገብተው ጠረኑን ሳቡ። ደግመው ሳቡ። ሌላ ቦታውን ፈልገው፣ ጥለቱ ጋ፣ መሐሉ ጋ፣ እንደገና ሳቡ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ሽንኩርት» አሉ። «ሽንኩርትና የጸጉር ቅባት። የእማዬ የታለ? ማን ነው የለበሰው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሴትየዋ። ገና ደረጃው ላይ ነበሩ፤ ግቡ ያላቸው የለም። «ለእኔ የመጣ መስሎኝ ነው እህቴ። አላወቅኩም። ይቅር በዪኝ።»

«ለአንቺ? ማን ነሽ አንቺ? ከጣቢያ ሰው እየጠለፍሽ የሰው አደራ ትከፍቻለሽ? የሙት ልብስ ትለብሻለሽ?»

ሴትየዋ ዞረው አዩኝ። «የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» ቢባል ያልቅ ነበር። በሩ ሥር ያለው ምንጣፍ ቀይ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቢጫ አበቦች ነበሩበት። እነሱን አየሁ። ሴትየዋ ሻንጣዬን ቀስ ብለው በሩ ውስጥ አስገቡና ወረዱ። ጀርባቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን አንድ በአንድ ነው የወረዱት። የመንገዱ በር እስኪዘጋ ድረስ ሰማኋቸው።

ቶሮንቶ ስመለስ ጎረቤቴ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡኝም። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ የዋህ ነሽ» ብለው ሳሙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቤታቸው ምሳ ጠሩን፤ አራት አምስት ሴቶች ነበርን። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።

«ጣቢያ ቆማ ሰው የምትጠብቅ ሌባ! እየሳመች ነው አሉ የወሰደቻት!»

«የሟች ጋቢ ለብሳ ሐይቅ ዳር ስትንጎራደድ!»

«እሷስ ሐበሻ ሆና…»

«ኤዲያ! ሐበሻን የሚበላው ማን ሆነና!»

ሳቁ። ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ስለሳቁ የእኔም ጥርስ ታየ። ከዚያ ጎረቤቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምንም አልቀረላትም እኮ» አሉ። «የእማዬ ጠረን ሄደ። እግዜር ይይላት፣ ያቺ ሌባ።»

«ሌባ አይደሉም» አልኩ። ድምፄ ከራሴ ጆሮ አላለፈም።

«ምን አልሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉ ጎረቤቴ። ሁሉም ጉርሻቸውን ይዘው ዞሩ።

«ሽሮው ይጣፍጣል» አልኩ።

«ጨምሩላት እንጂ!» አሉ።

ጨመሩልኝ። በላሁ።